በእናትነሽ ቦታ እኔ አለሁ

ይህ በሌላ ሰው ላይ ደርሶ የሰማሁት ነገር አይደለም። የደረሰው በራሴ ላይ ነው። ያውም በጠራራ ፀሐይ።

ፍኖተ ሰላም። ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ያለ የኪራይ ግቢ።

ሰው ሌሊት ያስፈራል ይላል። እኔ ሌሊቱን ድብን ብዬ ነው የምተኛው።

የምፈራው ቀትርን ነው...

አቻምየለሽ እባላለሁ። የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። ለዘጠነኛ ክፍል ስለ ውቅያኖስ አስተምራለሁ፤ በዓይኔ ያየሁት ትልቁ ውሃ ግን ጣና ነው። ተማሪዎቼ ይህን ስለሚያውቁ ከኋላዬ ይሳሳቃሉ። እውነታቸውን ነው።

ነገሩ ሲጀምር ምንም የሚያስፈራ ነገር አልነበረውም። አንድ ተራ ጥያቄ ነበር።

ስምንት ቀን ሙሉ ከውሃ በቀር ምንም ሳያዩ መጓዝ ለእኔ ይሆናል ወይስ አይሆንም?

ታላቅ እኅቴ እናትነሽ በአንድ ትልቅ የመንገደኞች መርከብ ላይ ትሠራለች። የእንግዶችን ክፍል ታጸዳለች፣ አልጋ ታነጥፋለች። ሦስት ዓመት ሆናት። መርከቡ በየዓመቱ ኅዳር ላይ ከስፔን ተነሥቶ አትላንቲክን ያቋርጥና ካሪቢያን ደሴቶች ይገባል።

ኅዳር መጀመሪያ ላይ በቴሌግራም ድምፅ ላከችልኝ።

"አቻም፣ ለመጪው ዓመት ለሠራተኛ ቤተሰብ አንድ ቦታ ተሰጥቶኛል። ነይና አብረን እንሻገር። አሁን ጉዞ ልንጀምር ነው፤ የፈለግሽውን ጠይቂኝ፣ እያየሁ እነግርሻለሁ። ብቻ ቶሎ ወስኚ።"

ደስ አለኝ። ግን እኔ ጫማ ለመግዛት እንኳ ሦስት ቀን የማስብ ሰው ነኝ። ደብተር አውጥቼ ገጹን ለሁለት ከፈልኩት።

ይሆነኛል በሚለው በኩል ጻፍኩ። ዝምታ እወዳለሁ። ማንበብ እወዳለሁ። የማስተምረውን ውሃ አንድ ቀን እንኳ ልየው።

አይሆነኝም በሚለው በኩል ጻፍኩ። ባጃጅ ላይ እንኳ ያቅለሸልሸኛል። መውረድ ባምረኝ መውረድ አልችልም።

ይህችን የመጨረሻዋን ሁለት ጊዜ አሰመርኩባት።

ከዚያ እኅቴን በጥያቄ አደረቅኋት።

"ቀኑን ሙሉ ሰው ምን ይሠራል?"

"ይበላል፣ ይተኛል፣ መርከቡን ይዞራል። አራተኛው ቀን ላይ ዕለቱ ማን እንደሆነ ይጠፋበታል።"

"ያስመልሳል?"

"ሦስት ቀን ነው። ከዚያ ሰውነትሽ ይለምደዋል። ወስነሻል?"

"ገና እያሰብኩ ነው።"

ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይህንኑ ትጠይቀኛለች። እኔም ይህንኑ እመልሳለሁ።

አንድ ቀን የሙያዬን ጥያቄ ጠየቅኋት። መርከብ ወደ ምዕራብ ሲሄድ ሰዓቱ ወደ ኋላ መመለስ አለበት። ይህንን በሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ሥዬዋለሁ።

"አዎ፣ አምስት ጊዜ ይመለሳል" አለችኝ። "ሌላ መርከብ ላይ ሰው ተኝቶ ሳለ ነው የሚመልሱት። እኛ ላይ ግን እኩለ ቀን ነው። ስድስት ሲሆን... አምስት ይባላል።"

"ጉድ! አንድ ሰዓት በነፃ!"

አልሳቀችም።

በድምፁ ውስጥ የሚሰማው ትንፋሿ ብቻ ነው። ከትንፋሿ ራቅ ብሎ ግን የሚራመድ ሰው ነበር። ቀስ ብሎ ይራመድና ይቆማል።

"በዚያች ሰዓት ክፍላችን ውስጥ ነን" ብላ አንሾካሾከች። "በር አንከፍትም።"

"ለምን?"



በማግስቱ ፎቶ ላከች። እዚያ የእንግዳ ፎጣ በእንስሳ ቅርፅ እየታጠፈ አልጋ ላይ ይቀመጣል፤ ሥራዋ ነው፣ ድሮም ስትልክልኝ እንስቅ ነበር። ይሄኛው ወፍ ነው።

"ቆንጆ ወፍ ነው የሠራሽው!"

"እኔ አይደለሁም የሠራሁት" አለች።

ከሁለት ቀን በኋላ ጦጣ ላከች። ከዚያ ዝሆን።

አራተኛው ፎጣ ሰው ነበር። በጎኑ ተኝቶ ጆሮውን ትራሱ ላይ የለጠፈ ሰው።

"አምስተኛውስ?" አልኳት።

"ገና ነው። አቻም... ወስነሻል?"

"ኧረ ቆይ፣ ገና እያሰብኩ ነው አልኩሽ እኮ!"

ሌላ ድምፅ ላከች።

"እንግዲያው አንድ ነገር ላስቸግርሽ..."

የጠየቀችኝ ነገር ይሄ ነው። ቡሬ ገጠር፣ ተወልደን ያደግንበት ቤት፣ እናታችን ባንቺአየሁ ብቻዋን ትኖራለች። የሚካኤል ማኅበር አላት። እናትነሽም የማኅበሩ አባል ናት፤ በሌለችበት ጽዋዋን እናታችን ናት የምታነሣላት። ዘንድሮ ኅዳር ሚካኤል ላይ ጽዋው ለእናትነሽ ይደርሳል። የሚቀጥለው ወር ድግስ ተረኛዋ እሷ ናት ማለት ነው።

"እማዬ ደክማለች" አለችኝ። "አንቺ ተቀበይልኝ። ሙሉ ስምሽን ጥሪና 'ከዛሬ ጀምሮ በእናትነሽ ቦታ እኔ አለሁ' በይ። ደግሞ ቅረጪና ላኪልኝ።"

"ቪዲዮው ምን ያደርግልሻል?"

"ናፍቆኝ ነው።"

ናፍቆኝ ነው አለችኝ! ይህችን ቃል እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም።

ግን የእኅቷን ጽዋ አላነሣም የምትል ሴት እኛ አገር ከየት ትመጣለች? አላነሣም ማለት ሰውንም ታቦቱንም ማስቀየም ነው። ደግሞ እናት ደክማለች ተብሎ... ሁለተኛ አላሰብኩም። ጫማ ለመግዛት ሦስት ቀን የማስበው እኔ፣ ለዚህ ሦስት ደቂቃ አላሰብኩም።

ኅዳር 12 ቡሬ ወረድኩ። በቆሎው ተሰብስቦ አገዳው ብቻ ቆሟል። ቤታችን ሰው ሞልቶታል፤ ዳቦው ተቆርሷል፣ ጠላው ተቀድቷል። ስልኬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ጽዋውን በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

"እኔ አቻምየለሽ ተስፋው፣ ከዛሬ ጀምሮ በእናትነሽ ቦታ እኔ አለሁ።"

የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪው፣ አያ ገብረሰንበት ቀና ብለው አዩኝ። አባታችን ከሞተ ወዲህ እንደ አባት የምናያቸው ሽማግሌ ናቸው።

"ልጄ፣ እኛ 'ተቀብያለሁ' ነው የምንል። 'ከዛሬ ጀምሮ' የሚለውን ኸየት አመጣሽው?"

"እናትነሽ ናት እንዲህ በይ ያለችኝ፣ አያ።"

"ያ ስልክስ?"

"ለእሷ ልልክላት ነው።"

ከንፈራቸውን መጠጡ። "ይሁን እንግዲህ። ጽዋው የታቦቱ ነው፣ ክፉ የለበትም። የላክሽው ቃል ኸማን እጅ እንደሚገባ ግን እኔ እንጃ።"

ላክሁት።

መልሱ ወዲያው መጣ። አራት ሰከንድ የማትሞላ ድምፅ። ትንፋሽ... ከዚያ ሁለት ቃል።

"ይቅር በይኝ።"

ስላስቸገረችኝ መስሎኝ ሣቅሁ። ጽዋውን በነጭ ጨርቁ ሸፍኜ ለታኅሣሥ 12 እናቴ ቤት አስቀመጥኩትና ወደ ፍኖተ ሰላም ተመለስኩ።

አሁን በደንብ ተከተሉኝ።

የምኖርበት ግቢ በረድፍ የተሠሩ ስድስት ክፍሎች አሉት። የእኔ ከግቢው በር ሲገቡ አምስተኛው ነው።

ኅዳር 16። ከጠዋት ጀምሮ ኔት የለም። ስልክም አይሠራም። ከተማው ሙሉ እንዲያ ነው፤ ለምደነዋል። ከትምህርት ቤት ተመልሼ ውሃ ቀድቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን ስልኬ ጮኸ።

ኔት በሌለበት... ቴሌግራም።

እናትነሽ ናት። አንድ ቃል ብቻ።

"ጀመረ።"

ቀና ስል የግድግዳው ሰዓት አምስት ይላል።

የባጃጁ ድምፅ ጠፋ። የጎረቤቴ ራዲዮ ጠፋ። ዶሮ የለም፣ ሰው የለም።

ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውሃ አንድ ጎኑ ከፍ አለ...

ጠረጴዛው አልተነቃነቀም። ብርጭቆው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ውሃው ብቻ ቀስ ብሎ ወደ ግራ አዘነበለ። ቆየ። ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ።

ከዚያ ውጭ እርምጃ ሰማሁ።

በቴሌግራም የሰማሁት እርምጃ ነው። ቀስ ብሎ ይራመዳል፣ ይቆማል።

አንደኛው በር ጋ ቆመ። እጀታው ሲዞር ሰማሁ። አንዴ። ከዚያ ተለቀቀ።

ከዚያ በኋላ ምንም የለም። አንድ ሰዓት ሙሉ ምንም።

ሰዓቱ እንደገና ስድስት ሲል ባጃጁ ጮኸ፣ ራዲዮው ካቆመበት ቀጠለ። ለሌላው ሰው አንድ ደቂቃ እንኳ አላለፈም።

ዘወር ስል አልጋዬ ላይ የዘረጋሁት ነጠላዬ ታጥፏል።

ወፍ።

ወዲያው ጻፍኩላት። "አልሄድም። ወስኛለሁ። አይሆነኝም።"

ኔት ስለሌለ አልተላከም። ሰዓት የምታመለክተዋ ትንሽ ምልክት ጽሑፉ ሥር እንደቆመች ናት።

መልሱ ግን መጣ።

"ጥያቄው አሁን እሱ አይደለም።"

ኅዳር 19። ስድስት ሲሆን አምስት ሆነ። ሁለተኛው በር። ጦጣ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኩ ሠራ። እናቴ ደወለች። በደስታ ትጮኻለች።

"ልጄ! እልል በይ! እናትነሽ መጣችልኝ!"

ተቀመጥኩ። በእኔ ስሌት መርከቡ ካሪቢያን ከደረሰ ገና ሳምንት አልሞላውም። እሷም እመጣለሁ አላለችኝም ነበር።

በማግስቱ ቡሬ ደረስኩ። እኅቴ በር ላይ ቆማለች። ወፍራለች፣ አምሮባታል። ስትራመድ ግን እግሯን አስፍታ ትረግጣለች፤ መሬቱ የሚወዛወዝባት ትመስላለች።

ልታቅፈኝ መጣች። እጇን ገፋሁት። ከጎተራው ጀርባ ጎትቼ ወሰድኋት።

"ምን አደረግሽኝ?"

"ቀስ በይ፣ እማዬ ትሰማለች..."

"ምን አደረግሽኝ ነው የምልሽ!"

"ወድጄ አይደለም" ብላ አንሾካሾከች። "እኔንም እንዲሁ ነው ያደረጉኝ። አብራኝ የምትሠራ ልጅ 'ፈረቃዬን ያዢልኝ፣ ከዛሬ ጀምሮ በእሷ ቦታ እኔ አለሁ በዪልኝ' አለችኝ። ያዝኩላት። በማግስቱ የእኔ ኮሪደር ላይ መቆጠር ጀመረ። አምስት ጊዜ ነው አቻም። አራቱን አለፍኩ። አምስተኛዋ የእኔው በር ነበረች።"

"ታዲያ ነይ እንሻገር ማለትሽ?"

መሬት መሬት አየች።

"እመጣለሁ ብትዪኝ ቦታዬን ተቀበልሽ ማለት ነበር። ያ ይበቃ ነበር። አንቺ ደግሞ እያሰብኩ ነው፣ እያሰብኩ ነው... ጊዜ አልነበረኝም። ስለዚህ በጽዋው መጣሁብሽ።"

በጽዋው መጣሁብሽ!

እኔ ደብተር ከፍዬ ይሆነኛል አይሆነኝም ስል፣ እሷ በሩ ላይ የሚቆመውን እያዳመጠች ነበር ለካ የምትመልስልኝ። ሌላ ሰው ቢያደርገኝ እረግመው ነበር። እኅቴን ምን ልበላት? አንድ አልጋ ላይ አድገን፣ አንድ ቀሚስ ተፈራርቀን ለብሰን... እንባዬ አልመጣ አለ።

"ማነው እጀታውን የሚይዘው?"

"አላየሁትም። ያየ ሰው ደግሞ አይነግርሽም።"

"ብሸሽስ?"

"ሸሽቻለሁ። መርከቡ አሥራ ሁለት ፎቅ ነው። የትም ሁኚ፣ የሚቆጠረው ካንቺ እስከ ውጭ ያለው በር ነው።"

"እና ምን ላድርግ?"

ዓይኗ ተንሸራቶ ወደ ቤቱ ሄደ። እናታችን በር ላይ ሆና፣ አንድ እጇ ወገቧ ላይ፣ ሻሿን በግራ በኩል እንደ ልማዷ ቋጥራ "ልጆች፣ ኑ እንጂ ግቡ!" ትላለች።

"ሰው ፈልጊ" አለችኝ እናትነሽ።

"እማዬን እንዳትነኪያት!"

"እኔ ምን ብዬ እነካታለሁ..."

"ማዪልኝ!"

"ሚካኤልን!"

በታቦቱ ምላልኝ ተመለስኩ። አሁንም አመንኋት። ሞኝነቴ።

ያቺ ሰዓት ለሦስተኛ ጊዜ በመምህራን ማረፊያ ክፍል አገኘችኝ። አሥር መምህር የነበረበት ክፍል ባዶ ሆነ። ከውጭ ሲቆጠር ሦስተኛው በር ላይ እጀታ ዞረ። ቤቴ ስገባ ነጠላዬ ዝሆን ሆኖ ጠበቀኝ።

አራተኛዋ ታኅሣሥ 6 ነበረች። ቤቴ ነበርኩ። የጎረቤቴ በር ነው የዞረው። ግድግዳው ስስ ስለሆነ የእጀታውን ምላስ ድምፅ እንኳ ሰማሁት። አልጋዬ ላይ ሰው ተኝቶ ያዳምጣል... ያውም በእኔ ነጠላ የተሠራ።

የቀረኝ አንድ በር ነው። የእኔ።

ሰው መፈለግ እችል ነበር። እውነቱን ልናገር፣ አስቤዋለሁ። ከተማሪዎቼ አንዷን "በእኔ ቦታ አለሁ በዪ" ብላት ሳትጠይቀኝ ትላለች። መምህሯ ነኛ! አንድ ሌሊት ሙሉ ስማቸውን በሐሳቤ ስጠራ አደርኩ።

አላደረግሁትም። እኅቴ የሠራችብኝን በሌላ ሰው ላይ ልሠራ አልችልም።

ታኅሣሥ 11። የማኅበሩ ድግስ ዋዜማ። ነጠላዬን አልጋው ላይ ዘረጋሁ። በሩን ቆለፍኩ። ጠረጴዛውን አስደገፍኩበት። ማተቤን ይዤ መሬት ተቀመጥኩ።

ስድስት ሰዓት... አምስት።

ዝም አለ።

እርምጃው መጣ። አንደኛውን በር አለፈ። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። አራተኛውን።

ቆመ።

ከበሩ ሥር በምትገባው ብርሃን ላይ ጥላ ወደቀ። ውሃ በበሩ ሥር እየተሳበ ገብቶ ጣቴን ነካኝ። ቀመስኩት። ጨው ነው።

ጠበቅሁ...

እጀታው አልዞረም።

ጥላው ዞረ። እርምጃው ተመልሶ ሄደ። አራተኛ፣ ሦስተኛ፣ ሁለተኛ፣ አንደኛ... የግቢው በር። አስፋልቱ። ወደ ቡሬ አቅጣጫ።

ባጃጅ ጮኸ። ሰዓቱ ስድስት ይላል። የብርጭቆው ውሃ ቀጥ ብሏል። ነጠላዬ እንደዘረጋሁት ተዘርግቷል፤ ማንም አልነካውም።

ተረፍኩ! ሚካኤል አተረፈኝ! መሬቱን ሳምኩ፣ ጮክ ብዬ አለቀስኩ።

ስልኬ ጮኸ።

ቪዲዮ ነው። ከእናትነሽ። ከአንድ ሰዓት በፊት የተቀረፀ።

እናቴ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። ጽዋው በሁለት እጇ ላይ ነው። ስልክ ፊት መናገር ስለማትወድ አፍራ ፈገግ ትላለች።

"እኔ ባንቺአየሁ... ልጄ አቻምየለሽ ስላመማት፣ ከዛሬ ጀምሮ በአቻምየለሽ ቦታ እኔ አለሁ።" ከዚያ ቀና ብላ ጠየቀች። "ደህና ነው ያልኩት፣ እናትነሽ?"

"ደህና ነው፣ እማዬ።"

የእኅቴ ድምፅ ነው። አልተንቀጠቀጠም።

ደወልኩ። እናቴ አነሣች።

"ልጄ! ተሻለሽ? ጽዋሽን አንሥቼልሻለሁ፣ አታስቢ።"

"እማዬ፣ እናትነሽ የታለች?"

"ቦርሳዋን ይዛ ከተማ ወረደች እኮ። ለነገ የጎደለ ነገር ላምጣ ብላ።"

"እማዬ ስሚኝ... ማንም ቢመጣ..."

"ምነው ይሄ ሰው ሁሉ ዝም አለ ዛሬ?" አለች እናቴ። ድምፅዋ ራቀ። "ቆይ ልጄ፣ ሰው መጣ መሰለኝ። መቀርቀሪያውን ይነካካል።"

"እማዬ እንዳትከፍቺ! እማዬ!"

ተቋረጠ።

የእኔ በር በረድፉ አምስተኛው ነው። ለዚህ ነው አምስት ቀን የተቆጠረልኝ።

የእናቴ ቤት ያለው አንድ በር ብቻ ነው።

ቡሬ ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። አያ ገብረሰንበት ደጁ ላይ ቆመዋል፤ አይገቡም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። የቤቱ ወለል ርሷል። ጽዋው በነጭ ጨርቁ እንደተሸፈነ በቦታው ነው፤ እሱን የነካው የለም።

መደቡ ላይ የእናቴ ነጠላ ታጥፎ ተቀምጧል።

ወገቧ የጎበጠ ትንሽ ሴት። ሻሿ በግራ በኩል ተቋጥሯል። አንድ እጇን ወደ ፊት ዘርግታ... በር ትከፍታለች።